መጽሐፉን ቅርጫ ያደረግኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የመታወቂያዬን ኮፒ ላስነሳ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ካለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ነበር። ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ፤ ገና አሁን የተተኮሰ ጨርቅ ይመስላል፣ ትንሽ የተቃጠለ ነገር አለበት። ከፊቴ አንዲት ልጅ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ ቆማለች፤ ባለሱቋ ገጽ በገጽ እየገለበጠች ታነሳላታለች። ምንድነው ብዬ ጠየቅኳት። «የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መዘጋጃ ነው እማማ። ጓደኛዬም ስለምትፈተን ለሷ ነው የማስነሳላት» አለችኝ። «ሙሉውን?» አልኳት። «አዎ፣ ሙሉውን።» «በኮፒ አጥንታ ስትሄድ ኦርጅናሉን አምጪ አይሏትም?» ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ተራዬ ደርሶ «መታወቂያውን ይስጡኝ እማማ» ስባል እጄ ቦርሳዬ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ሳላስነሳ ወጣሁ።

እኔ ሐዋ እባላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ማንበብና መደመር አስተምሮኛልና አላማርርም። ድሮ ከመስጊዱ ማዶ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ሽርጥና ጉፍታ እሸጥ ነበር። ሰኞ ሰኞ ባቲ እወርድና ከቆላ ነጋዴዎች ጋር ተሟግቼ አመጣለሁ። ያኔ ጉፍታ ጉፍታ ነበር፤ ዳሩ በአረንጓዴ ክር የተቋጨ፣ ዓመት ሙሉ ታጥቦ ቀለሙ የማይለቅ። አሥር ብር የማይሞላ ጉፍታ ሙሽራ ያለብስ ነበር። ዛሬ በመቶዎች ገዝታችሁት ከሁለት እጥበት በኋላ ወንፊት ይሆናል። ከቆመው አውቶቡስ የዘፈን ካሴት፣ ከሻይ ቤቱ መንዙማ፣ ከወዲያ የረዳቶቹ ጩኸት፤ መሐላቸው ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ባንክ ቆሟል። ዘበኛው ደረጃው ላይ እንኳ አያስቀምጠኝም።

በሰፈሬ የምታወቀው ግን በሽርጥ ሳይሆን በቅርጫ ነው። በዓል ሲደርስ አሥር አሥራ ሁለት ቤት ሆነን በሬ እንገዛለን። ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይቀመጣል። መመደብ የወንዶቹ ሥራ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የምሰጠው ግን እኔ ነበርኩ። «ሐዋ ትየው» ይላሉ። ከአንዱ መደብ ጣት የምታክል ጉበት አንስቼ ሌላው ላይ ሳኖር አፉን የሚከፍት አልነበረም። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፤ ማን ጠጠር፣ ማን ስንጥር፣ ማን ቁልፍ። ፊቱን ያዞረ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ማጉረምረም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ዓለም ሁሉ እንዲህ ቢከፋፈል ማንም ማንንም አይበድልም ብዬ አምን ነበር።

በግቢዬ ሁለት ልጃገረዶች ያደጉት በዚህ እምነቴ ነው። ሐሊማ የወንድ ልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትወልዳት ሞተች፣ አባቷም በሹፍርና እንደወጣ በዚያው ቀረ። ዘሀራ የሴት ልጄ የሞሚና ልጅ ናት፤ ሞሚና ባሏን ፈታ እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ክፍል ትኖር ነበር። ለአንዷ የላስቲክ ጫማ ስገዛ ለሌላዋም እገዛለሁ። አንዷ ስታጠፋ ሁለቱንም እገርፋለሁ። ሁለቱም በአንድ ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ። ያን ጊዜ አንድ የውጭ ማኅበር በነርስነት ውጭ አገር የሚያስተምራቸው ሴቶች ይፈልግ ነበርና ሁለቱም ስማቸው ወጣ። የቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መፈተን። ስድስት ያመጣች ትሄዳለች፣ ከስድስት በታች ያመጣች ትቀራለች። ክፍያውን ማኅበሩ ይችላል፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ።

መጽሐፉ የመጣው በሐሊማ ስም ነው። ይህን አልሸሽገውም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ወደ አገሩ ሲዛወር መዘጋጃ መጽሐፉን ከነካሴቱ ሰጣት፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጁ «ለሐሊማ» ብሎ ጽፎበታል። እኔም አንብቤዋለሁ። ሐሊማ በነጠላዋ ጠቅልላ ስታመጣው ሞሚና ደጃፏ ላይ ቆማ አየቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። «የሙት ልጅ መሆን እንዲህ ያለ ጥቅም አለው ለካ። የኔዋ እናት ስላላት ባዶ እጇን ትቅር።»

«አክስቴ፣ አብረን እናነበዋለን» አለች ሐሊማ።

አብረው ሞከሩ። ሐሊማ ትፈጥናለች፣ ዘሀራ ትዘገያለች፤ አንዷ ገጽ ትገልጣለች፣ ሌላዋ ገጹን ይዛ አለቅም ትላለች። በሦስተኛው ቀን ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። ገላገልኳቸውና ለሁለቱም አቀመስኳቸው። ሐሊማ አፍንጫዋን እየጠረገች «አኮ» አለችኝ፣ አያት የሚሉት እንዲህ ብለው ነው፤ «አኮ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው ማሽን ላይ ኮፒ እናስነሳውና ለየራሳችን እንያዝ።»

ኮፒ! የኮፒን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ባሌ ሲሞት የቤቱን ካርታ ኮፒ ይዤ ሦስት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ። «ኮፒ አንቀበልም፣ ኦርጅናሉን አምጪ።» አንዱ ጸሐፊ ወረቀቴን ፊቴ ላይ መልሶ ወርውሮልኛል። ኮፒ ማለት ለኔ የመንግሥት ሰው የሚስቅበት ነገር ነበር። «በኮፒ የተማረች በኮፒ ነው የምትወድቀው» አልኳት። «ልጆቼን አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ኦርጅናሉን አምጡ ተብለው እንዲመለሱልኝ አልፈልግም።» ሐሊማ ልታስረዳኝ አፏን ከፈተች። «ዝጊ» አልኳት፤ ዘጋች። ያቺ ልጅ እኔ ስናገር መዝጋት ታውቅ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴን ዘምዘምን ጠራኋትና የሥጋውን ቢላዋ ሞረድኩ። ገጾቹን ቆጥሬ እኩሌታውን አገኘሁ፤ ጀርባውን በቢላዋ ስሰነጥቀው ክሩ ጠስ ጠስ እያለ ተበጠሰ። ሁለቱን ግማሽ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሐሊማ ከደንብ ልብሷ ቁልፍ በጥሳ ሰጠች፤ ዘሀራ የፀጉሯን ሽቦ ሰጠች። ዘምዘም ፊቷን አዙራ ጣለች። የመጀመሪያው ግማሽ ለሐሊማ፣ ሁለተኛው ለዘሀራ ደረሰ። ሐሊማ ድርሻዋን አገላብጣ አየችና «አኮ፣ የጥያቄዎቹ መልስ በሙሉ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ጋ ሄዷል» አለች። «የጽሑፍ ትምህርቱም እሷ ጋ ነው።» ዘሀራ ሳቀች፤ «እኔስ መልስ ይዤ ጥያቄ የለኝ!» ሞሚና የልጇን ድርሻ አንስታ በጉፍታዋ ጠቀለለችው። እኔም ፈረድኩ፤ ጁምዓ ሲወጣ፣ በየሳምንቱ፣ ዓይኔ እያየ ትለዋወጣላችሁ። ካሴቱን ግን ሁለታችሁም እኔ ፊት ትሰሙታላችሁ።

ያ ካሴት! የቴፑን ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እናስገባዋለን። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲሆን ነጩ ሰውዬ ይጀምራል። ባቡር ጣቢያው የት ነው እያለ ይጠይቃል፣ አንዲት ሴት በቀኝ በግራ እያለች ትነግረዋለች፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። በማግሥቱም ያው ነው። ዘምዘም በአጥር ብቅ ትልና «ሐዋ፣ ሰውየው ዛሬም አላገኘውም? ቢቸግረው እኮ ከሚሴ ይምጣ፣ አውቶቡስ እናሳፍረዋለን!» ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል። ሐሊማ እንኳ ያኔ ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ በጉፍታዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። አሁንም ባቡር የሚል ቃል በሬዲዮ ስሰማ የድምፁ ዜማ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል።

በመጀመሪያው ጁምዓ ተለዋወጡ። ሐሊማ ሁለተኛውን ግማሽ ባገኘችበት ሳምንት መልሶቹን ሁሉ በደብተር ስትገለብጥ ሰነበተች፤ የጽሑፉን ትምህርት ለሚቀጥለው ተራዬ ብላ አቆየችው። በሁለተኛው ጁምዓ መለሰች። በሦስተኛው ጁምዓ ዘሀራ ባዶ እጇን መጣች።

«ቦርከና ወሰደው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ልብስ ሳጥብ ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ነበር።»

«ወሰደው» አለች ሞሚና ከኋላዋ። «ምን ታድርግ? ልጅ ናት።»

ዘምዘም ቆማ ነበር። «በዚህ ወር ቦርከና? ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውሃ ነው መጽሐፍ የሚወስደው?» አለች።

ሰምቻታለሁ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ነው እንጂ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ በደንብ ሰምቻታለሁ። ውሃውንም አውቀው ነበር፣ በዚያው ሳምንት በእግሬ ተሻግሬዋለሁ። ግን የሞሚናን ክፍል ገብቼ ብፈትሽ፣ ባገኘውስ፣ በሰፈሩ ፊት የገዛ ልጄን ሌባ አደረግኳት ማለት ነው። የቅርጫ ዳኛዋ ሐዋ ሌባ አሳደገች ይባላል። ስለዚህ «ምላስሽን ሰብስቢ» አልኳት ዘምዘምን፣ ወደ ሐሊማም ዞርኩ። «ያንቺን አምጪው።»

«የኔን?»

«አንዷ ሙሉ ግማሽ ይዛ ሌላዋ ባዶዋን አትቀርም። የቀረው ይከፈላል።»

«አኮ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ሐዋ፣ አላህን ፍሪ» አለች ዘምዘም። «የዘሀራ ላም ብትሞት የሐሊማን ላም ታርጂባት ነበር?»

«በኔ ቤት የዘሀራ የሐሊማ የሚባል ነገር የለም» አልኩ። ሐሊማ ግማሹን አምጥታ ራሷ ሰሌኑ ላይ አኖረችው። ቢላዋውንም ያቀበለችኝ እሷ ናት። ክሩ ሲበጠስ «ጋሄ» አለች፣ በቃ ማለቷ ነው። ምልክት አልሰጠችም። «የፈለገችውን ሩብ ትውሰድ» አለችና ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏን ሸፍና ስትስቅ አላየኋትም።

አዲስ አበባ አብሬያቸው ሄድኩ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ደብረ ሲናን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምር ሐሊማ ወደኔ ዘንበል ብላ፣ «አኮ፣ ሥዕል አምጥተው ስለሱ ጻፉ አሉን። እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ ሥዕል፣ ቁጥር ያለው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ምን እንደምል ጨነቀኝ» አለችኝ። ዘሀራ በመስኮት ውጭውን ታይ ነበር። ከዚያ እስከ ከሚሴ ዞራ አላየችንም።

ውጤቱ በፖስታ መጣ፣ ሁለት እኩል ፖስታ። ሁለቱንም የከፈተችው ሐሊማ ናት። «ዘሀራ ስድስት» አለች። «እኔ አምስት ተኩል።» የሐሊማ ሌላው ነጥብ ሁሉ ከዘሀራ የበለጠ ነበር፤ የጣላት ጽሑፉ ነው። ሞሚና እልልታዋን ለቀቀችው። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ እያለች፣ ጆሮዋ ሥር!

እኔ ተኩል የሚባል ነገር ሰው ያስቀራል ብዬ አላመንኩም። በማግሥቱ ደሴ፣ ማኅበሩ ቢሮ ገባሁ። ክራቫት ያሰረ ወጣት ጸሐፊ ነበር። «ግማሽ ምንድነው?» አልኩት። «ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከዘሀራ ላይ ሩቧን አንሱና ለሐሊማ ጨምሩላት፣ እኩል ይሆናሉ።» ልጁ ብዕሩን አስቀመጠና ፈገግ አለ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ቅርጫ አይደለም። እርስዎ እንዳሉት ካደረግን ሁለቱም ከስድስት በታች ይሆናሉ። እኩል ይወድቃሉ።» በሬዲዮ የሆነ ዘፈን ይዘፈን ነበር፤ ድምፁን ከፍ አደረገና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። በመደመር ማንም በልጦኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ደረጃውን እየወረድኩ በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩ።

ልቤ ተሰብሮ ለልጅቷ ራራሁላት እንዳትሉ። ሐሊማ ሳምንት ቆይታ፣ ልድራት ማሰቤን ሰምታ መጣች። «ሁለተኛ ልፈተን። ሽርጥ ልሽጥልሽ፣ ባቲም እኔ ልውረድልሽ፣ ክፍያውን ራሴ ላጠራቅም። ስድስት ወር ብቻ ስጪኝ፣ አትዳሪኝ» አለችኝ። ምን እንዳልኳት ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ዘሀራ የተፈተነችው አንዴ ነው። ላንቺ ለምን ሁለቴ ይሆናል?» አየችኝ። በስድስት ወሩ ጨፋ ሮቢት ላለ ባለሱቅ ዳርኳት፤ በዚያው ወር ዘሀራ በአውሮፕላን ሄደች። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጉፍታ ሰጠሁ፣ ዳሩ በአረንጓዴ የተቋጨ።

ዓመታት አለፉ። ስልኩ ከቴሌ ቢሮ ወጥቶ ሰው ኪስ ገባ፣ ባጃጅ መጣ፣ ዘምዘም ሞተች። ዘሀራ እየደወለች እንዴት ነሽ ትለኛለች፣ ሐሊማ በአረፋ በአረፋ መጥታ እጄን ስማ ትመለሳለች፤ አንድም ቀን አላደረችም። ከዚያ ሞሚና ሞተች። ዘሀራ ለለቅሶ መጣች፤ ረጅም ካፖርት ለብሳ፣ አማርኛው አፏ ላይ እየቆመ። በሦስተኛው ቀን የእናቷን የጥጥ ፍራሽ ይዛ ክፍሌ ገባችና በምላጭ ተረተረችው። ከጥጡ መሐል ሁለተኛው ግማሽ ወጣ።

«አልጠፋም ነበር አኮ» አለች። «እማዬ ናት እዚህ የደበቀችው፤ ከፈተናው በኋላ ሰፋችበት። ጠዋት ጠዋት እያወጣች ታስጠናኝ ነበር። የደረጃውም ሥዕል እዚህ ውስጥ ነበረ።» ማልቀስ ጀመረች።

«እንባሽን ለሐሊማ አቆይው» አልኳት። «ነይ ተነሽ።»

በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ሄድን። ማሽላው በሁለቱም በኩል የሰው ቁመት አክሎ ነበር። ሐሊማ ሱቋ ውስጥ፣ ከሚዛኗ ኋላ ቆማለች፤ ወፍራለች፣ ከጉፍታዋ ሥር ሽበት ብቅ ብሏል። «አካም ጂርታ አኮ» ብላ ወጥታ ሳመችኝ፣ ዘሀራንም ሳመች፣ በርጩማ አወጣችልን፣ ስለ ሞሚና «አላህ ይማራት» አለች። ዘሀራ መናገር ሲያቅታት እኔ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። «ያንቺ ነው። ውሃ አልወሰደውም» አልኳት።

ሐሊማ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገለጠችው። አልቸኮለችም። ገጽ በገጽ ሄዳ አንዱ ላይ ቆመች፤ እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ ሥዕል ነው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታች ያለውን ሁሉ አነበበች። ካነበበች በኋላ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ ነው?» አለች። «ቀላል ነው እኮ።»

«ሐሊማ፣ ይቅር በይኝ» አለች ዘሀራ። «ከመጀመሪያው ግማሽ የደረሰኝን ሩብ ስሄድ ትቼልሽ ነበር፣ አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ሁለቱንም ሩብ ስዳር ይዤው መጣሁ። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ስኳር አያፈስም። ሁለት ዓመት ጠቅልዬበታለሁ።»

ከዚያ ደረጃው ያለበትን ገጽ ከሥሩ ያዘችና ቀደደችው። እንደ ጥሩምባ ጠቅልላ ስኳር ሞላችበት፣ ሚዛኑ ላይ አኖረች። ቀጥሎ ከመጨረሻው የመልስ ገጽ ቀደደች፣ ጠቀለለች፣ በሌላው ጎን አኖረች። አንደኛው ወረደ። በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ አነሳችና ወደሌላው ጨመረች፣ ደግሞ ትንሽ መለሰች፤ ልክ እኔ በጉበቱ እንደማደርገው። የሚዛኑ ልሳን መሐል ላይ ቆመ።

«እንቺ አኮ፣ ድርሻሽ» አለች። የደረጃውን ለኔ ሰጠችኝ፣ የመልሱን ለዘሀራ። «ማጉረምረም የለም።»

የሚቀጥለው ገዢ ገብቶ ሩብ ኪሎ አላት። ሌላ ገጽ ቀደደች።

ከሚሴ ስንደርስ ዘሀራ ስኳሯን መስኮቱ ላይ ትታ ልትተኛ ሄደች። እኔ የድሮ ሚዛኔን ከሳጥን አወጣሁ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ የኔን በአንዱ፣ የሷን በሌላው አኖርኩ። ጎንበስ ብዬ ረጅም ጊዜ አየሁት። አንዲት ፍሬ እንኳ አይበላለጥም።